ርካሽ ፋውንቴን ፔን ለዕለት ጽሕፈት፦ የትኛው ለማን?

ፋውንቴን ፔን ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። መጨረሻ ላይ ቢጠይቀው ይሻል ነበር። ርካሾቹን ብዕሮች በዋናነት የሚለያቸው ስማቸው አይደለም። ክዳናቸው እንዴት እንደሚዘጋ፣ ጫፋቸው ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ቀለም በምን እንደሚሞሉ ነው። እነዚህን ከራሳችሁ አጻጻፍና ከምትጽፉበት ወረቀት ጋር ካያያዛችሁ፣ ከዚያ ሁሉ አማራጭ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀሯችኋል።

እዚህ የማወራው በየቀኑ ስለሚጻፍበት ብዕር ነው። የትምህርት ማስታወሻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግል ማስታወሻ ደብተር፣ የሥራ ዝርዝር። ለፊርማና ለስጦታ የሚገዛው ሌላ ሒሳብ አለው። የወርቅ ጫፍ ያላቸውንም ትቻቸዋለሁ። የርካሾቹ ጫፍ የማይዝግ ብረት ነው፤ ይህ ግን ቅር አይበላችሁ። ጫፉ የወርቅ ሆነ የብረት፣ ወረቀቱን የሚነካው መጨረሻው ላይ የተበየደችው ጠንካራ የብረታ ብረት ቅይጥ ናት። ብዕሩ መለስለሱ ወይም መቧጠጡ ያቺ ነጥብ በምን ያህል ጥንቃቄ ተሞርዳለች በሚለው ይወሰናል።

ከሁሉ በፊት ክዳኑ

የፋውንቴን ፔን ቀለም አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ይተናል። ክዳኑ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ይወፍራል፣ ከዚያም ይደርቃል። በማግስቱ ስትከፍቱት የመጀመሪያው ፊደል አይወጣም። ወረቀቱ ጥግ ላይ ክብ ክብ እየሳላችሁ ትለማመጡታላችሁ። ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ሰው ይህ ችግር ላያጋጥመው ይችላል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚከፍተው ግን ፋውንቴን ፔንን የሚጠላው በዚህ የተነሳ ነው። እኔ እንደማየው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተረሱት ብዕሮች አብዛኞቹ ጥፋታቸው ጫፋቸው አይደለም፤ ክዳናቸው ነው።

አዘጋጉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተገፍቶ «ቀጭ» የሚል ነው። ሁለተኛው የሚጠመዘዝ ነው። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ አንድ መስመር ጽፎ ለሚዘጋ፣ እንደገና ለሚከፍት ሰው ተገፊው ይመቻል። ተጠምዛዡ ቦርሳ ውስጥ በራሱ አይከፈትም፤ ብዙውን ጊዜም ጥሩ አድርጎ ይዘጋል። ግን ሰው እያወራ እናንተ እየጠመዘዛችሁ ዓረፍተ ነገሩ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

አዲስ ብዕር ስትገዙ ይህን ሞክሩ። ቀለም ሙሉትና ሦስት ቀን ሳትነኩት በጎኑ አስተኙት። ከዚያ ሳትነቀንቁ ክፈቱና ጻፉ። ወዲያው ከጻፈ ክዳኑ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

የጫፍ ውፍረት፣ ወረቀትና የእኛ ፊደል

ጫፍ ከቀጭን ወደ ወፍራም ኤክስትራ ፋይን፣ ፋይን፣ ሚዲየም፣ ብሮድ እየተባለ ይሸጣል። ችግሩ እነዚህ ስሞች በሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። የጃፓን ጫፎች በአብዛኛው ከአውሮፓዎቹ በአንድ ደረጃ ይቀጥናሉ። የጃፓኑ ሚዲየም ከጀርመኑ ፋይን ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ «እኔ የምጽፈው በፋይን ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። የየት አገር ፋይን?

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ከሌላው የበለጠ ማሰብ አለበት። ፊደላችን ጥቃቅን ቅጥያ ይበዛበታል። «ሲ» እና «ሴ»ን ተመልከቱ። ሁለቱን የሚለያቸው እግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ናት፤ አንዱ ጋ ጭረት፣ ሌላው ጋ ቀለበት። ጠባብ መስመር ባለው ደብተር ላይ በወፍራም ጫፍ ስትጽፉ የ«ሴ» ቀለበት በቀለም ይሞላና ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ሲ»ም «ሴ»ም ማለት የአንባቢው ዕዳ ነው። እጃችሁ ደቃቅ ከሆነ ወደ ጃፓን ፋይን አዘንብሉ። ተለቅ አድርጋችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሚዲየም አይጎዳችሁም፤ እንዲያውም ይለሰልስላችኋል።

ቀጭን ጫፍ ዋጋ አለው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሸካራነት ሁሉ እጃችሁ ይሰማዋል። ከእስክሪብቶ ገና የመጣ ሰው ደግሞ ተጭኖ የመጻፍ ልማድ ስላለው ይብሱን ይቧጥጥበታል። የእስክሪብቶ ቀለም ወፍራም ቅባት ስለሆነ ኳሷን ለማንከባለል መጫን ግድ ነው። ፋውንቴን ፔን ግን የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ቀለሙ ጫፉ መሀል ባለችው ቀጭን ስንጥቅ ተስቦ ወረቀቱን እንደነካ ይፈሳል። አጋድማችሁ፣ ሳትጫኑ ያዙት።

ወረቀቱም የራሱ ፍርድ አለው። የኮፒ ወረቀትና ርካሽ ደብተር ብዙ ጊዜ ቀለም ይመጥጣሉ። መስመሩ ሥር እያወጣ ይሰፋል፣ በጀርባም ብቅ ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ቀጭን ጫፍ ትንሽ ቀለም ስለሚያወርድ ያድናችኋል። ለስላሳውና ጥሩው ወረቀት በተቃራኒው ቀለሙን ላዩ ላይ ያቆየዋል። መስመሩ ያምራል፣ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ግራኝ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው፤ እጁ የጻፈውን እየጠረገ ይሄዳል። እንግዲህ ብዕሩን ከመምረጣችሁ በፊት የምትጽፉበትን ደብተር አውጡ። ከጓደኛ ብዕር ተውሳችሁ ሁለት መስመር ጻፉበትና ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

አሞላል፦ ኪስ የሚጎዳው ብዕሩ ሳይሆን ቀለሙ ነው

ሦስት መንገድ አለ። ካርትሪጅ ማለት በቀለም ተሞልታ የምትሸጥ ትንሽ የላስቲክ ቱቦ ናት። ሲያልቅ ትጣላለች። ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ሆኖም በመጠን ሲሰላ ውዱ ቀለም ይህ ነው። ኮንቨርተር በካርትሪጁ ቦታ የሚገባ፣ ከብልቃጥ ቀለም የሚስብ ትንሽ መሳቢያ ነው። ሦስተኛው ፒስተን ነው። የብዕሩ አካል ራሱ የቀለም ታንክ ይሆናል፣ ጀርባው ሲጠመዘዝ ይስባል።

ብዙ ለሚጽፍ ሰው የብልቃጥ ቀለም ሒሳቡን ይገለብጠዋል። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚይዝን ኮንቨርተር 100 ጊዜ ያህል ይሞላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ካርትሪጁ የፋብሪካው ብቻ ነው ወይስ መደበኛው ዓለም አቀፍ? ፓይለት፣ ፕላቲነምና ላሚ የራሳቸው ዓይነት አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይገባም። ኮንቨርተሩ ከብዕሩ ጋር አብሮ ካልመጣም ዋጋውን አብራችሁ ደምሩ። ካርትሪጁ የማይገኝላችሁ ከሆነ ደግሞ ባዶውን አትጣሉት። ታጥቦ በስሪንጅ ከብልቃጥ ቢሞላ ደጋግሞ ያገለግላል።

ክብደትና አያያዝ የግል ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አልልም። ከ20 ግራም በታች የሆነው ረጅም ሰዓት ሲጻፍበት እጅ አያደክምም። ከ30 በላይ የሆነው ለሰነፍ ጣት አይሆንም።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ፕላቲነም ፕሬፒ።* የጃፓን ሥራ ነው። በመልኩ ምንም አይደል። ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ ወደ 13 ግራም የሚመዝን፣ የቢሮ ማርከር የሚመስል ነገር ነው። ክዳኑ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ርካሽ ብዕሮች የሌላቸው ነገር አለ። በስፕሪንግ የሚገፋ ሁለተኛ ትንሽ ክዳን ጫፉን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ፋብሪካው ብዕሩ አንድ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ቀለሙ አይደርቅም ይላል። አንድ ዓመት የሚጠብቅ ባይኖርም፣ ለሳምንታት ተረስቶ ሲከፈት ወዲያው የሚጽፍ ብዕር በዚህ ዋጋ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ጫፉ 02 (ኤክስትራ ፋይን)፣ 03 (ፋይን) እና 05 (ሚዲየም) ተብሎ ይሸጣል። 03 ለአማርኛ ደቃቅ ጽሕፈት ልክ ነው። 02 በጣም ቀጭን ነው፤ ሸካራ ወረቀት ላይ ይነክሳል።

ጉድለቱ ፕላስቲኩ ነው። ክዳኑ አፉ አካባቢ የመሰንጠቅ አመል አለው፣ ማንጠልጠያውም ይሰበራል። ኮንቨርተሩ ለብቻው ሲገዛ ደግሞ የብዕሩን ያህል ሊያስወጣ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማምለጥ ቀለሙን ቀጥታ ቀፎው ውስጥ ይሞላል። ቀፎው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ የሲሊኮን ቅባትና የጎማ ቀለበት ከተደረገ ይሠራል፣ ብዙም ይይዛል። ግን ቀለሙ እያለቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር በእጅ ሙቀት ይሰፋና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ያስብበት።

*ፓይለት ሜትሮፖሊታን እና ፓይለት ካኩኖ።* አንድ ላይ ያደረግኋቸው የሁለቱም ጫፍ አንድ ስለሆነ ነው። ፓይለት በዚህ ዋጋ ከሚያወጣቸው ጫፎች መጥፎ የሚገጥማችሁ አልፎ አልፎ ነው፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ወዲያው ይጽፋል። ሜትሮፖሊታን አካሉ ነሐስ ነው፣ ወደ 26 ግራም ይመዝናል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ርካሽ አይመስልም። መያዣው ቀጭንና የሚያንሸራትት ነው፤ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለችው እርከን አንዳንድ ጣት ላይ ትቆረቁራለች። በአውሮፓ «ኤም አር» በሚል ስም ይሸጣል፤ ያኛው መደበኛውን ዓለም አቀፍ ካርትሪጅ ነው የሚወስደው። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ካኩኖ በ2013 መጻፍ ለሚማሩ ሕፃናት ተብሎ ወጣ። ጫፉ ላይ ፈገግ ያለ ፊት ተቀርጾበታል፤ ፊቱ ወደ ላይ ካያችሁ አያያዛችሁ ትክክል ነው። ቀላል ነው፣ ጎኑ ስድስት ማዕዘን ስለሆነ ከጠረጴዛ አይንከባለልም፣ መያዣውም ጣትን በዘዴ ይመራል። ማንጠልጠያ የለውም፤ ኪስ ላይ አይሰካም። ትልቅ ሰው የልጅ ብዕር ይዞ ቢታይ ምን አለበት? ለረጅም ጽሕፈት ከሁለቱ እኔ ካኩኖን እመርጣለሁ።

*ላሚ ሳፋሪ።* የጀርመን ነው። ቮልፍጋንግ ፋቢያን ቀርጾት በ1980 ለተማሪዎች ወጣ። ፕላስቲኩ ጠንካራ ነው፣ ወደ 17 ግራም ይመዝናል፣ የቀለሙን መጠን የሚያሳይ መስኮት ጎኑ ላይ አለው። የታጠፈ ሽቦ የሚመስለው ትልቅ ማንጠልጠያው ወፍራም ኪስም አይበግረውም። ሁለት ነገር ከሌሎቹ ይለየዋል። አንደኛ ጫፉ ተስቦ ይወጣል። ሲበላሽ ብዕሩን ሳትጥሉ ጫፉን ብቻ ትቀይራላችሁ። ሁለተኛ ለግራኝ የተሠራ ጫፍ አለው።

የሚያጨቃጭቀው መያዣው ነው። በሁለት በኩል የተጨለፈ ስለሆነ ጣታችሁ የግድ እዚያ ያርፋል። አያያዛችሁ ከዚያ ጋር ከገጠመ ተስማሙ። ካልገጠመ መፍትሔ የለውም፤ ስለዚህ ሳትይዙት አትግዙ። ጫፉም ወፈር ይላል፣ ለአማርኛ ከኤክስትራ ፋይን ጀምሩ። አስመስለው የተሠሩ ሐሰተኛ ሳፋሪዎች ብዙ ናቸው። ዋጋው ከተለመደው በጣም ከወረደ ጠርጥሩ።

*ጂንሃዎ።* የቻይና ነው። ዓይነቱ ለቁጥር ይታክታል። ኮንቨርተሩ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ይህ ብቻውን ከጃፓኖቹ ጋር ያለውን ሒሳብ ይቀይራል። ኤክስ 750 ከባድ የብረት ብዕር ነው፣ 82 ደግሞ ቀለል ያለ ባለ ተጠምዛዥ ክዳን ነው። ጥራቱ ግን ዕድል ነው። አንዱ ግሩም ይጽፋል፣ ከዚያው ካርቶን የወጣው ሌላው መስመር ይዘላል። ጫፉን በማጉያ መነጽር እዩት። ስንጥቁ የከፈላቸው ሁለቱ ጥርሶች እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ፣ መቧጠጡ አይቀርም። ለስለስ አድርጎ በጥፍር ከፍ ያለውን መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። እንዲህ መነካካት የሚወድ ሰው በጂንሃዎ ይደሰታል። የማይወድ ይለፈው።

*ትዊዝቢ ኢኮ።* የታይዋን ሥራ ነው፣ በ2015 ወጣ። እዚህ ካሉት ውዱ ነው፤ ግን ፒስተን ካላቸው ብዕሮች መካከል ከርካሾቹ ነው። ወደ 1.7 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ኮንቨርተር ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ በሱ ቢጽፍ መሀል ላይ ቀለም አለቀ ብሎ አይደነግጥም። ክዳኑ ተጠምዛዥ ነው፣ ጥሩ ይዘጋል። መፍቻና የሲሊኮን ቅባት አብሮት ስለሚመጣ ቤት ውስጥ ተፈታትቶ ይጸዳል። ካርትሪጅ አይወስድም። ብልቃጥ ከሌላችሁ አይሆናችሁም። ቀለም ቶሎ ቶሎ መቀያየር ለሚወድም አጠባው ሥራ ያበዛል። ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል የሚሉ ተጠቃሚዎች አሉ፤ ስትገጥሙት አታጥብቁት።

ሌሎች ሁለት በአጭሩ። ካዌኮ ስፖርት ሲዘጋ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ክዳኑ ጀርባው ላይ ሲሰካ ሙሉ ብዕር ይሆናል። ለኪስ ነው፣ ለረጅም ጽሕፈት አይደለም። ሂሮ 616 ጫፉን የሸፈነ፣ ውስጡ ያለው ቱቦ ተጨምቆ ቀለም የሚስብ የቆየ የቻይና ብዕር ነው። ቀጭን ይጽፋል። ሐሰተኛው ስለሚበዛ ግን ዝም ብሎ አይመከርም።

ሠንጠረዥ

የዋጋው ደረጃ እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ ነው።

| ብዕር | ዋጋ | ክዳን | ሳይከፈት ሲቆይ | የጫፍ ባሕርይ | አሞላል |
|---|---|---|---|---|---|
| ፕሬፒ | በጣም ዝቅተኛ | ተገፊ | ከሁሉ የተሻለ | ቀጭን፣ ትክክለኛ | የራሱ ካርትሪጅ፤ ኮንቨርተር ለብቻው |
| ጂንሃዎ | በጣም ዝቅተኛ | እንደ ዓይነቱ | ይለያያል | ዕድል ነው | ኮንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ አብሮ |
| ካኩኖ | ዝቅተኛ | ተገፊ | ጥሩ | ቀጭን፣ ለስላሳ | የራሱ ካርትሪጅ ወይም ኮንቨርተር |
| ሜትሮፖሊታን | መካከለኛ | ተገፊ | ጥሩ | ከካኩኖ ጋር አንድ | ካርትሪጅ ወይም ኮንቨርተር |
| ሳፋሪ | ከፍ ያለ | ተገፊ | ደህና | ወፈር ያለ፣ የሚቀየር | የራሱ ካርትሪጅ ወይም ኮንቨርተር |
| ኢኮ | ከሁሉ ከፍ ያለ | ተጠምዛዥ | ጥሩ | እንደ አውሮፓው ወፈር ያለ | ፒስተን፣ ብልቃጥ ብቻ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ይህን ነገር ልሞክረው እንጂ ገና አላመንኩበትም ለምትሉ ፕሬፒ 03። ባትወዱት እንኳ አይቆጫችሁም። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጽፍ ሰውም መልሴ ይኸው ነው፤ ብር ስላጠረ ሳይሆን ክዳኑ ስለሚበልጥ።

በየቀኑ ገጽ በገጽ የምትሞሉ ተማሪዎች ከሆናችሁና ጥሩ ወረቀት ካላችሁ ኢኮ አይጎዳችሁም። በጀቱ ካልፈቀደ ካኩኖ ከኮንቨርተር ጋር። ወረቀታችሁ ቀለም የሚመጥጥ ዓይነት ከሆነ ኢኮን ተዉት፤ እዚያ ላይ የጃፓን ፋይን ይበልጠዋል።

ለቢሮ፣ ሰው ፊት ለሚወጣ፣ ሜትሮፖሊታን። ግራኝ ለሆነ ሰው ሳፋሪ ከግራኝ ጫፍ ጋር፣ ቶሎ ከሚደርቅ ቀለም ጋር። ለልጅ ካኩኖ። ብዕር መፈታታትና መሞከር ለሚወድ ሁለት ሦስት ጂንሃዎ።

የትኛውንም ብትገዙ ቀለሙ የፋውንቴን ፔን መሆኑን አረጋግጡ። ቀለም ውስጥ እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር የሚሸጠው ጥቁር የስዕል ቀለም ውስጡ ሙጫ ስላለው ቀጫጭኖቹን ቦዮች ይደፍናል፤ ብዕሩም ያልቅለታል። ሰነድ ላይ ለምትጽፉ ውሃ የማይለቀው ቀለም አለ፤ እሱ ግን ብዕር ውስጥ እንዲደርቅ መተው የለበትም።

አዲሱ ብዕር የመጀመሪያ ቀን እምቢ ካለ አትበሳጩ። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ውስጡ ሊኖር ይችላል። ለብ ባለ ውሃ፣ በአንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ አድርቁና ሙሉት። የፈላ ውሃ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ከታጠበም በኋላ መስመር የሚዘል ከሆነ ወደ ሻጩ መልሱትና አስቀይሩት። በአሸዋ ወረቀት ልሞርደው ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ያቺ ጠንካራ ነጥብ ታልቃለች፤ ሻጩም አይቀበላችሁም።